ግራ የገባው ፊልም

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት ሲያበቃ፣
ጄኔሬተር ሲያስል፣ ሰፈሩ ሲነቃ፣
አንዲት ክሊኒክ አለች፣ በቆርቆሮ ታጥራ፤
እኔ አለሁ ከውስጧ፣ ከጨለማው ጋራ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥንት ሳነብ ኖሬ
የሰው ፊት አልይዝም፤ ጎድን ነው ማስታወሻ ደብተሬ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት መጣች፣ በሁለት ሴት ተደግፋ፣
ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ከነባልዲዋ ወርዳ፣
ቅንድቧ በስሚንቶ ተለስኖ እንደ ግድግዳ።
«አመነች አንጁሎ» አለች ስሟን ስጠይቃት፤
«ጎኔን ነው፤ ቶሎ በል እንጂ ጃል፣
ፎርማኑ የግማሽ ቀን ይቆርጥብኛል።»

«ደረትሽን አስጠጊ፤ አየር ሳቢ፤ ያዢ፤»
ቁልፉን ተጫንኩና፣ «በቃ፣ ተንፍሺ።»

ፊልሙ ከመታጠቢያው ጠብ ጠብ እያለ ወጣ፤
ባየው፣ ባየው፣ ልቧ በግራ በኩል ታጣ።
ለራሴ ሳቅሁበት፦ «እርጅናዬ መጣ፤
ፊልም ገልብጦ መስቀል፣ ምን የሚሉት ጣጣ!»

አዙሬ ሰቀልሁት፤
የእርሳስ ፊደሌ ግን ጀርባዋን ሰጠችኝ፣
«በትክክል ነበርሁ» ብላ ተቆጣችኝ።

ደግሜ አስነሳኋት፣ (ሁለተኛው ፊልም ከኪሴ የሚከፈል፤)
ያው ነው፦ ጫፉ ወደ ቀኝ የዞረ፣ አንድ ቡጢ የሚያህል
ነጭ ጥላ፣ ከደረቷ ቀኝ ተደላድሎ ተቀምጧል፤
ማንም አልጠራውም፤ እሱ ግን «አቤት» ብሎ ወጥቷል።

ጎድኗ ደህና ነው። ስንጥቅ የለም። ጭረት የለም።
የፈለግነው የለም፤ የተገኘው ግን አልተፈለገም።

ዶክተሩ መጣ፤ ልጅ ነው፤ መነጽሩን ሽቅብ ገፋ፣
ሆዷን ነካካ፣ ጀርባዋን አዳመጠ፣ ዓይኑ እየሰፋ፤
«ጉበቷም ግራ ነው» አለኝ፣ ድምጹ እየጠፋ፤
«እንደ መስታወት ነው፤ ሲፈጠር ነው የዞረው፤
አያምም፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሳያስቸግር የኖረው።»

ነገርናት። ዝም አለች።
ከጉንጯ ላይ ደረቅ ስሚንቶ በጥፍሯ ቆርሳ ጣለች።
ስሟ አመነች ነው፤ እሷ ግን ወዲያው አላመነች።
እጇን ወደ ግራ ላከች፤ ባዶ።
ወደ ቀኝ መለሰች፣
እንደ ጎረቤት በር በቀስታ አንኳኳች፤
ውስጥ ያለው መለሰ።

ከዚያ እንዲህ አለች፦
«ባሌ ሌሊት፣ ጆሮውን ከግራ ጡቴ ላይ አስተኝቶ፣
‹ይሄ ቤት ሰው የለበትም እንዴ?› ይለኛል አንኳኩቶ።
መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ እውነት መሰለው፤
‹ልብ የሌላት› የሚለውን ስም ለሰፈሩ አደለው።
ሞጆ ገባ። ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ሦስት ዓመት አለፈ።
ምነው ስንዝር ታህል ፈቀቅ አርጎ ጆሮውን ባሳረፈ!»

ዶክተሩም ግራ ገባው፤ እኔም ግራ ገባኝ፤
እሷን ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀኝ የገባት መሰለኝ።

«ወረቀት ጻፉልኝ» አለች፣ «ማህተም ያለው፤
‹ልብ አላት› የሚል። ቀኑም ይኑረው።»
«ለማን ተብሎ ይጻፍ?» ሲላት፣ አሰበች፣ አሰበች፣
«ለሚመለከተው ሁሉ» ብላ ሳቀች፤
ሳቋ ጎኗን ሲወጋት «ወይኔ!» ብላ ታጠፈች።

ወረቀቱን በጡት መያዣዋ፣ በቀኝ በኩል፣ ሸጉጣ ወጣች።
ሞጆ ይድረስ አይድረስ፣ አላውቅም።
ፎርማኑ ይቁረጥባት አይቁረጥባት፣ አላውቅም።

የመጀመሪያዋን ፊልም እኔ አስቀረኋት፤
ገልብጬ የሰቀልኋትን፣ ከመስኮቱ ለጠፍኋት።
ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በአቃቂ በኩል ዘመም ስትል፣
ቡጢው ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ ረግጬው እንዳላልፍ ዞር እላለሁ።

ጠዋት ጠዋት፣ ጄኔሬተሩን ሳልቀሰቅስ፣
እንደ አባቴ «ቀኝ አውለኝ» ስል፣
እጄ ሳላዘው ደረቴን ይዳብሳል።
ስንቱን ደረት አንስቼ፣ ስንቱን ጎድን ቆጥሬ፣
የራሴን አንድ ቀን አላነሳሁም።
ፊልም ውድ ነው፣ እላለሁ።